የእድሩ መዝገብና ቁጥር 187

ጋሼ የሰጡኝ ፍላሽ ላይ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ የፒያሳው እድራችን የአባላት መዝገብ። ፕሮግራሙን የሠራው የሰፈር ልጅ ውጭ አገር ከሄደ ቆይቷል፣ ኮምፒውተሩም አርጅቶ ተጥሏል። የወረቀቱ መዝገብ ሰፈሩ ሲነሳ በግርግሩ ጠፋ። «ልጄ፣ ሰው ሲሞትብን ለማን እንደምንደውል እንኳ አጣን» አሉኝ። የእድሩ ኮሚቴም ከቻልሽ ክፈችው ብሎ ተስማምቷል።

ፋይሉ በኖትፓድ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ዛሬ ከሰዓት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፈታሁት፤ እንዴት እንደተፈታ ሳልረሳው ልጻፈው።

መጀመሪያ በፓይተን የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም ምንም አይፈታም። ፋይሉን ባይት በባይት (ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው) አንብቦ የትኛው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል፣ በቃ። 187 ከሁሉም በላይ ሆኖ ወጣ። ደግሞም በዘፈቀደ የተበተነ አልነበረም፤ ሦስት ሦስት ባይት እየቆጠረ ነው የሚመላለሰው። ይህን ሳይ ልቤ መታ፤ አማርኛ ነዋ!

የእኛ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። እነዚያን ቁጥሮች ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት አንዱ። «ሰላም» ኮምፒውተሩ ውስጥ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157 ሆኖ ይቀመጣል። ፊደላችን ቦታ ይበላል እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ብዙ ሰምቻለሁ። ዛሬ መዝገቡን የከፈተልኝ ይኸው ሦስት ባይት መውሰዱ ነው።

እንዲህ ያለ ቀላል መሸሸጊያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በኤክስኦር ነው፤ ሁለት ቢት (ባይት የሚሠራባቸው ዜሮና አንዶች) አጋጥሞ ተመሳሳይ ከሆኑ ዜሮ፣ ከተለያዩ አንድ የሚሰጥ ስሌት ነው። በጣም የምወደው ጠባዩ ተመላሽነቱ ነው፤ ጽሑፉን ቁልፍ በሚባል ምስጢራዊ ቁጥር ኤክስኦር ካደረጉት ይሸሸጋል፣ የተሸሸገውን በዚያው ቁልፍ ቢደግሙት ጽሑፉ ይመለሳል። ከጽሑፉ፣ ከቁልፉና ከተሸሸገው ሁለቱ ከታወቁም ሦስተኛው ይወጣል። ስለዚህ በየሦስቱ የሚመላለሰው 187 የተሸሸገው 225 መሆን አለበት ብዬ ሁለቱን ኤክስኦር አደረግኳቸው፤ 90 መጣ። ቁልፉ አንድ ባይት ብቻ ነበር። ለማረጋገጥ ከ187 ቀጥሎ የሚመጡትን ባይቶች አየሁ፤ በ90 ሲመለሱ ሁሉም ከ136 እስከ 141 ውስጥ ወደቁ። ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ፎር ሉፕ (ሥራን የሚደጋግም ትእዛዝ) ነው፤ እያንዳንዱን ባይት ከ90 ጋር ኤክስኦር አድርጎ አዲስ ፋይል ላይ መጻፍ።

ስሞቹ ስክሪኑ ላይ ወረዱ። ወይዘሮ እገሊት፣ አቶ እገሌ፣ ከሥር የልጆች ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የወር መዋጮ። አያቴም አሉበት፣ ስማቸው ከነአባታቸው። አለቀስኩ።

ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ልጁ ይህን ያደረገው ለጥንቃቄ ብሎ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የሰው ስልክና የቤተሰብ ዝርዝር ነውና። ሆኖም በእንዲህ ዓይነት መንገድ የተሸሸገ መረጃ ባለቤቱን ይከለክላል እንጂ ሌባን አያቆምም። ቁልፉን ባልገምተው እንኳ በአንድ ባይት የሚሆነው ቁልፍ 256 ብቻ ነው፤ ሁሉንም መሞከር ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ጊዜ አይፈጅም። ቁልፉ አራት ባይት ቢሆንም 225 በየሦስቱ እየተመላለሰ አራቱንም በየተራ ያጋልጣቸው ነበር። ጥፋቱ የኤክስኦር አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጊልበርት ቬርናም በፈረንጆቹ 1917 ለቴሌግራፍ ያሰበው ዘዴ ቁልፉን ከመልእክቱ ጋር በዚሁ መንገድ የሚያጋጥም ነበር። ቁልፉ በዕጣ የወጣ ያህል የማይገመት፣ እንደ መልእክቱ የረዘመና ሁለተኛ የማይነካ ከሆነ መልእክቱን ያለ ቁልፉ መፍታት እንደማይቻል አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን በፈረንጆቹ 1949 ባሳተመው ጽሑፍ አረጋግጧል። አንዱን 90 በሺህ ባይት ላይ መደጋገም ግን መቆለፍ አይባልም፣ እና ሰው ተማምኖ የሰጠው ስልክ በዚህ ባይጠበቅ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ስሞቹን ማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፍተው ተራ ሠንጠረዥ አስቀመጥኳቸው። ስልኮቹን ለብቻ አውጥቼ ኤኢኤስ በሚባለው ጠንካራ የመቆለፊያ ዘዴ ቆለፍኩ፤ የይለፍ ቃሉን ጸሐፊውና ገንዘብ ያዧ በወረቀት ይይዙታል። ጥበቃውን የሚያውቁት ራሳቸው ይሁኑ።

ማታ ለጋሼ ደውዬ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እያስቆሙኝ «እሳቸው አርፈዋል፣ ነፍስ ይማር»፣ «እሷ ገላን ገብታለች»፣ «የእነሱን ልጅ ቱሉ ዲምቱ አይቼዋለሁ» ይሉኛል። ሠንጠረዡ ላይ አሁን የሚኖሩበትን የሚይዝ አዲስ ዓምድ ጨምሬ እየጻፍኩ ነው። ግማሹ ገና ባዶ ነው፣ ነገ እንቀጥላለን።