የተጻፈውና የሚሰላው፦ ከኪቦርድ የሚገባን መረጃ በቫሪያብል ያስቀመጥኩበት መንገድ

አጎቴ ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ዳር ከታንኳና ከሞተር ጀልባ አጥማጆች ዓሣ እየተረከቡ ለምግብ ቤቶች ያከፋፍላሉ። የርክክቡን ሒሳብ ለዓመታት በደብተር ሲይዙ ኖረው በላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ቀለል ያለ ፕሮግራም እንድጽፍላቸው ሲጠይቁኝ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልሠራው ወሰንኩ። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው የአጥማጁን ስም፣ የዓሣውን ዓይነት፣ ክብደቱን በኪሎ እና የአንዱን ኪሎ ዋጋ ብቻ ነው። ሥራው ሲታይ ትንሽ ቢሆንም፣ ሰው በኪቦርድ የሚያስገባውን ነገር እንዴት ተቀብሎ የት ማስቀመጥ እንደሚገባ አጥብቄ እንዳስብ ያደረገኝ እሱ ነው።

በፓይተን 3 ኢንፑት የሚባለው ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ ዝግጁ ትእዛዝ) ተጠቃሚው ኢንተር እስኪጫን ጠብቆ የተጻፈውን ሁሉ በስትሪንግ መልክ፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ አድርጎ ይመልሳል። ተጠቃሚው 12 ብሎ ቢጽፍ ቫሪያብሉ (ፕሮግራሙ መረጃን በስም የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ የሚገባው ሊሰላ የሚችል ቁጥር ሳይሆን «1» እና «2» የተባሉ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ጠዋት የገባው 12 ኪሎ ከሰዓት በኋላ ከገባው 8 ኪሎ ጋር በዚሁ መልኩ ቢደመር ውጤቱ 20 ሳይሆን «128» ይሆናል፤ ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር መቀጠል የተፈቀደ ስለሆነም ፓይተን ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በገንዘብ ሥራ ላይ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ስሕተት ፕሮግራሙን ቀጥ አድርጎ ከሚያቆመው ስሕተት እጅግ የከፋ ነው።

ስለዚህ ገና ከመነሻው ለእያንዳንዱ ግብዓት ሁለት ቫሪያብሎችን መደብኩ። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ስለሚፈቅድ አንዱን «የተጻፈ_ክብደት»፣ ሌላውን «ክብደት» አልኳቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ከኪቦርድ የመጣው ጽሑፍ አንድም ምልክት ሳይነካ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ውስጥ ተመርምሮ ወደ ቁጥር የተለወጠው ይገባል። ብዙ ጀማሪዎች ጽሑፉን በአንድ ስም ካስቀመጡ በኋላ ቁጥሩን በዚያው ስም ላይ መልሰው ይጽፉበታል። ቋንቋው ይህን ባይከለክልም የመጀመሪያው ጽሑፍ በዚያው ይጠፋል። አጥማጁ አመሻሽ ላይ ተመልሶ «እኔ ያስረከብኩት አሥራ ሁለት ተኩል ነው» ቢል፣ ፕሮግራሙ ያሰላው ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ የተጻፈውም ጭምር መታየት አለበት፤ ማስረጃው እሱ ነውና።

ወደ ቁጥር ለመለወጥ የመረጥኩት ፍሎት የተባለውን የተለመደ የነጥብ ቁጥር ዓይነት ሳይሆን ዴሲማል የተባለውን ነው። ፍሎት ቁጥሮችን በሁለትዮሽ ስሌት ስለሚይዝ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሰጣል፤ ዴሲማል ግን የተጻፈውን ጽሑፍ በቀጥታ ተቀብሎ አሥርዮሹን እንዳለ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዴሲማል ወደ ቁጥር የማይለወጥ ጽሑፍ ሲሰጠው የሚያነሣው የተለመደውን ቫልዩ ኤረር ሳይሆን ኢንቫሊድ ኦፐሬሽን የተባለውን ስሕተት መሆኑ ነው። ስለዚህ ስሕተቱን በሚይዘው የኤክሴፕት መስመር ላይ ትክክለኛውን ስም መጻፍ ያስፈልጋል። ጥያቄውንም ዋይል ሉፕ በተባለው ደጋሚ ትእዛዝ ውስጥ አስገባሁት፤ ባዶ ኢንተር ቢጫን ወይም ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ፊደል ቢገባ ፕሮግራሙ ሳይቆም ጥያቄውን ይደግማል።

«12,5» ተብሎ በኮማ የተጻፈውን ክብደት ወደ ነጥብ እለውጠዋለሁ። በዋጋ ላይ ግን ኮማው ሺህን ለመለየት የገባ ሊሆን ስለሚችል ከመገመት ይልቅ እንደገና መጠየቅን መርጫለሁ።

ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ግብዓቱ ቁጥር መሆኑን ለማረጋገጥ ኢዝዲጂት የተባለውን ፈንክሽን ይመክራሉ። ለእኛ አገር ፕሮግራም ይህ አይበቃም። «፭» ተብሎ የተጻፈውን የግዕዝ አኃዝ ኢዝዲጂት «አዎ፣ አኃዝ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል፤ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው ኢንት ግን ሊለውጠው አይችልም። «፲» ላይ ሲደርስ ደግሞ ኢዝዲጂት ራሱ «አይደለም» ይላል። ስለዚህ አስቀድሞ ከመመርመር ይልቅ ለመለወጥ መሞከርና ካልተቻለ ለተጠቃሚው በግልጽ አማርኛ መንገር የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቁጥሩ ከተለወጠ በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። ነጥቧ ከተዘለለች 12.5 የነበረው 125 ይሆናል፤ ለፓይተን ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። በአንድ ርክክብ ከተለመደው በላይ የሆነ ክብደት ሲገባ ፕሮግራሙ «አምባዛ፣ 125 ኪሎ፤ ልክ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁ። ዜሮና ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥርን ጨርሶ አይቀበልም።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ቢጽፈው ለሰው አንድ የሆነው ስም ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። እዚህም ሁለቱ ቫሪያብሎች ጠቀሙኝ፤ ባለቤቱ የሚያውቀው አጻጻፍ ለደረሰኝ እንዳለ ሲቀመጥ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነእርባታቸው ወደ አንድ የሚያመጣው ሁለተኛው ቫሪያብል ለፍለጋ ብቻ ያገለግላል። በስሙ ዳርና ዳር የሚቀረውን ክፍት ቦታም ስትሪፕ የተባለው ትእዛዝ ያነሣዋል።

ሰዓቱን ግን ከተጠቃሚው አልጠይቅም፤ ላፕቶፑ ራሱ ያውቀዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የምንለው ለማሽኑ 7 ሰዓት ስለሆነ፣ በማሽኑ አቆጣጠር ተመዝግቦ ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር ይለወጣል።

በቫሪያብል ያለው ሁሉ መብራት ሲጠፋና የላፕቶፑ ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ስለሚጠፋ፣ እያንዳንዱ ርክክብ እንደተረጋገጠ የተጻፈውም የተለወጠውም በአንድ መስመር ወደ ፋይል ይገባል፤ ፋይሉም ወዲያው ይዘጋል። ፋይሉ ሲከፈት ኢንኮዲንጉ (ፊደላት በፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ስልት) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በኮዱ ላይ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ፓይተን የማሽኑን ነባር ኢንኮዲንግ ወስዶ የመጀመሪያው የአማርኛ ፊደል ላይ ሲደርስ ይቆማል።