መሸኛ የሌላትን ልጅ ማስመዝገብ

ፒያሳ አካባቢ በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ ልጃገረዶች ትምህርት ስንጀምር ቦታ ማግኘቱ አላስቸገረንም፤ የዕድሩ አዳራሽ በሥራ ቀናት ባዶ ስለሚሆን ተፈቀደልን፣ ጡረታ የወጡ መምህራንም ያለ ክፍያ መጡልን። የሰዓቱን ነገር ግን እንደ ተመከርሁት አላደረግሁም። «የማታ ይሁን» ተባልሁ፤ ማታ እኮ እራት የሚቀርብበት ሰዓት ነው። የምሳ ዕቃ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አደረግነው፣ ልጆቹም ሳይጨልምባቸው ይመለሳሉ።

መከራው የመጣው ለ8ኛ ክፍል ፈተና እንዲበቁ በመደበኛው መዝገብ ላስገባቸው ስነሣ ነው። ከወሎ የመጣች አንዲት ልጅ 5ኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሊድሯት ሲሉ ለቤተሰቧ ሳትናገር የወጣች ናት። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ፎርሟን በመስኮቱ መልሶ ገፋና «ከነበረችበት ትምህርት ቤት መሸኛ ታምጣ» አለን፤ ወደ ሸሸችው ቀበሌ ተመልሳ ማለት ነው። እዚያው ቆማ ክፍልፋይ ደምራ ብታሳየው ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ሌላ ቀን ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ቀጥሎ ሠራተኛው ተቀይሮ ጉዳዩ እንደ አዲስ ተጀመረ። የድሮ ርእሰ መምህሯ በስልክ ተገኝተው የሮስተሩን (የተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ) ገጽ በፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ሲልኩልን ደግሞ «ስሙ ከመታወቂያዋ ጋር አይመሳሰልም» ተባልን፤ መታወቂያው የወጣው አሠሪዋ በምትጠራት ስም ነበርና። በዚህ ምልልስ አንድ የትምህርት ዓመት አለፈባት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከአዳራሻችን በእግር የሚደረስበት፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የዛሬው የካቲት 12 ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በእቴጌ መነን ስም ለሴቶች ልጆች የተከፈተው ነው፤ ኋላም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ መርተውታል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ተማሪዎች ማደሪያ ነበረው። የእኛዎቹ ማደሪያቸውን በጉልበታቸው እየከፈሉ ነው የሚማሩት፤ ታዲያ ቢሮው ደረጃቸውን በምዘና ለማወቅ አንዲት ሰዓት መንፈግ አልነበረበትም።

በመጨረሻ ልጅቷን ፈትነው በደረጃዋ የመዘገቧት አንዲት ርእሰ መምህርት ናቸው። ስለዚህ መመሪያው ማስረጃን ቢያስቀድምም፣ እኔ ማስተማሩ ይቅደም እላለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ትምህርት ስትጀምሩ፣ በመጀመሪያው ቀን የእያንዳንዷን ልጅ ስም በሮስተሩ ላይ እንደ ሰፈረው እስከ አያቷ ጻፉ፣ የድሮ ርእሰ መምህሯንም ስልክ ያዙ። ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የሚከለክል ሰው ፊርማውን ሲጠየቅ ደጋግሞ ያስባል።