ከኢሲ ጋር የሚነጋገር የከርነል ድራይቨር፦ እንዴት እንደጻፍኩትና ምን እንደተማርኩ

ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የጫነ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዋይፋዩ ይሰራል፣ ድምፁ ይሰራል፣ ስክሪኑም ችግር የለበትም። ፋኑ ግን ደስ ባለው ሰዓት ይጮኻል፣ በስንት ዙር እንደሚሽከረከር የሚነግራችሁ የለም። ባትሪውም ሁልጊዜ እስከ 100 ይሞላል፤ 80 ላይ አቁም የምትሉበት ቦታ አታገኙም። የኔ ላፕቶፕ አምራች ለዚህ ሁሉ የሚሆን ፕሮግራም አለው፣ ግን ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ሰነድም አላወጣም። ስለዚህ ድራይቨሩን፣ ማለትም ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሃርድዌሩን እንዲያናግር የሚያስችለውን ኮድ፣ ራሴ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ከነዚህ ነገሮች ሁሉ ጀርባ ያለው አንድ ቺፕ ነው። ኢምቤድድ ኮንትሮለር ይባላል፣ ባጭሩ ኢሲ። ዋናው ፕሮሰሰር ቢጠፋም እሱ አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ማብሪያውን ስትጫኑ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። የኪቦርዱን ቁልፎች ያነባል፣ ክዳኑ መዘጋቱን ያያል፣ የባትሪውን ሁኔታ ይከታተላል፣ ፋኑን ያዝዛል። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሚሞሪና የራሱ ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የተጫነ ፕሮግራም) አለው። ማለትም ሌላ ኮምፒውተር ነው፣ የራሱ ስራ ያለበት፣ እኛ ስናናግረው ደግሞ ስራውን አቋርጦ የሚመልስልን። ድራይቨሩን ስጽፍ ይህን ከአእምሮዬ አላወጣሁም።

የመነጋገሪያው መንገድ ያረጀና ጠባብ ነው። ኤሲፒአይ የሚባለው፣ ፈርምዌርና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ ኃይልና ሃርድዌር የሚነጋገሩበት ስታንዳርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ያስቀመጠው ነው፣ ዛሬም በብዙ ላፕቶፖች ላይ ያው ነው። በአብዛኛው ሁለት ፖርቶች (ፕሮሰሰሩ ባይት የሚልክባቸውና የሚቀበልባቸው በሮች) አሉ፤ ሄክስ (በ16 መሰረት የሚጻፍ ቁጥር) 62 ለዳታ፣ ሄክስ 66 ለትዕዛዝ። 66ን ስታነቡት ደግሞ ስታተሱን ይሰጣችኋል። እዚያ ላይ ቢት 0 ከበራ ኢሲው መልስ አዘጋጅቷል ማለት ነው። ቢት 1 ከበራ የጻፋችሁለትን ገና አላነሳውም። ቢት 5 ከበራ ራሱ የሚናገረው አለው።

አንድ ባይት ለማንበብ እንዲህ ነው የሚደረገው። ቢት 1 እስኪጠፋ ትጠብቃላችሁ፣ 66 ላይ ሄክስ 80 ትጽፋላችሁ፣ እንደገና ትጠብቃላችሁ፣ የምትፈልጉትን አድራሻ 62 ላይ ትጽፋላችሁ፣ ቢት 0 እስኪበራ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ መልሱን ከ62 ታነባላችሁ። ለመጻፍ ትዕዛዙ ሄክስ 81 ነው። አድራሻው አንድ ባይት ስለሆነ በጠቅላላው 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ክዳን ሲዘጋ ወይም ቻርጀር ሲነቀል ኢሲው ኢንተራፕት (የፕሮሰሰሩን ስራ የሚያቋርጥ ምልክት) ይልካል፣ ከርነሉ በሄክስ 84 ምን ተፈጠረ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ኢሲው አንድ ቁጥር ይመልሳል፣ በዚያ ቁጥር የተሰየመ የኤሲፒአይ ሜተድ (ትንሽ የኮድ ቁራጭ) ይሮጣል። በቃ፣ ፕሮቶኮሉ ይኸው ነው።

ይህን ያህል ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው በሩት (ሙሉ ፈቃድ ባለው) ፕሮግራም በቀጥታ ፖርቶቹን ይነካል። እባካችሁ አታድርጉት። ከርነሉ ራሱ በዚሁ መንገድ ከኢሲው ጋር ሁልጊዜ ያወራል፤ የባትሪውን መጠን ባያችሁ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ከርነሉ 80 ጽፎ አድራሻውን ሊያስከትል ሲል የእናንተ ፕሮግራም መሃል ገብቶ 81 ቢጽፍ፣ ከርነሉ ለማንበብ የላከው አድራሻ የመጻፊያ አድራሻ ይሆናል። ቀጥሎ የመጣው ባይት እዚያ ላይ ይጻፋል። ምን እንደተቀየረ ማንም አያውቅም። የትኛው ፖርት በማን እንደተያዘ የሚዘረዝረውን የፕሮክ አይኦፖርትስን ፋይል ብትከፍቱ ሁለቱ ፖርቶች ኢሲ ዳታ እና ኢሲ ሲኤምዲ በሚል ስም ተይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ባለቤት አላቸው ማለት ነው። ከርነሉ ለሌሎች ድራይቨሮች ኢሲ_ሪድ እና ኢሲ_ራይት የሚባሉ ፈንክሽኖችን ያቀርባል፤ መቆለፉንም መጠበቁንም እነሱ ይጨርሱታል። የኔ ድራይቨር ፖርት የሚነካ አንዲት መስመር የለውም።

ከባዱ ስራ የትኛው አድራሻ ምን እንደያዘ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። እኔ የጀመርኩት ከዲኤስዲቲ ነው፤ ባዮሱ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያስረክበው የኤሲፒአይ ኮድ ነው። በኤሲፒአይደምፕ አወጣሁት፣ በአይኤኤስኤል ወደሚነበብ ኮድ መለስኩት፣ ከዚያ ፒኤንፒ0ሲ09 የሚለውን መለያ ፈለግኩ። የኢሲው መታወቂያ ነው። ከሱ ስር የኢሲው 256 ባይት በፊልድ በፊልድ ተከፋፍሎ ተጽፏል፣ እያንዳንዱም አራት ፊደል ስም አለው። አንዳንዱ ስም ሲታይ ይገባል። አንዳንዱ ግን ለጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ እንዲህ ሲሆን ስሙን ትቼ ማን እንደሚጠቀምበት ነበር የማየው። የባትሪውን ገደብ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ ሜተድ ቁጥር ይቀበላል፣ ከ100 አለመብለጡን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ፊልዱ ላይ ይጽፈዋል። እንዲህ ዓይነት ሜተድ ካገኛችሁ ፊልዱን ራሳችሁ ከመጻፍ ሜተዱን ጥሩት። አምራቹ እዚያ ውስጥ ቁልፍም ማረጋገጫም ያስገባው በምክንያት ነው።

ዲኤስዲቲ ላይ የሌለውን ለማግኘት ኢሲ_ሲስ የሚባለው ሞጁል አለ። ሲጫን ዲበግኤፍኤስ (ከርነሉ ለምርመራ የሚያቀርበው የፋይል ማውጫ) ውስጥ አይኦ የሚባል ፋይል ይፈጥራል፣ 256ቱም ባይት እዚያ ይነበባል። መጻፍ ግን ሆን ብላችሁ ካልፈቀዳችሁ አይቻልም፤ እኔም ዘግቼው ነው የቆየሁት። ፕሮሰሰሩን በስራ አጨናንቄ አነባለሁ፣ አሳርፌ አነባለሁ፣ ቻርጀር ነቅዬ አነባለሁ፣ ከዚያ የተቀየሩትን ብቻ አወዳድራለሁ። የሙቀት ባይቶች ወዲያው ነው የሚታወቁት፤ ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ቀስ ብለው ይወርዳሉ።

የፋኑ ፍጥነት የበለጠ ያስደስታል። ሁለት ባይት ነው፣ ፋኑ ሲፈጥን ግን ቁጥሩ ይቀንሳል! ምክንያቱም ኢሲው የሚመዘግበው ፋኑ አንድ ዙር ለመጨረስ የወሰደበትን ጊዜ እንጂ የዙሩን ብዛት አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቋሚ ቁጥርን ለዚያ ታካፍሉታላችሁ። ፋኑ ሲቆም ደግሞ ዜሮ ስለሚመጣ ከማካፈላችሁ በፊት ማየት ግድ ነው፤ ከርነል ውስጥ በዜሮ ማካፈል ቀልድ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ኢሲ_ሪድ በአንድ ጊዜ አንድ ባይት ብቻ ነው የሚያነበው። ትልቁን ባይት አንብባችሁ ትንሹን እስክታነቡ ኢሲው ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል፣ ያኔ ከአሮጌውና ከአዲሱ የተቀላቀለ ቁጥር ታገኛላችሁ። መፍትሄው ትልቁን ማንበብ፣ ትንሹን ማንበብ፣ ከዚያ ትልቁን ደግሞ ማንበብ ነው። ትልቁ ካልተቀየረ ቁጥሩ ይታመናል፤ ከተቀየረ እንደገና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለዩዘር ስፔስ (ከከርነሉ ውጭ ላሉት ተራ ፕሮግራሞች) ምን ልስጥ? ብዙ ያሰብኩበት እዚህ ላይ ነው። አንዱ አማራጭ የዲቫይስ ፋይል ፈጥሮ በአይኦክትል (ፕሮግራም ለድራይቨር ትዕዛዝ በሚልክበት ጥሪ) ጥሬ ትዕዛዝ ማሳለፍ ነው። የክሮምቡክ ኢሲ እንዲህ ነው የሚሰራው፤ ክሮስ_ኢሲ የሚባለው ፋይል የትዕዛዝ ቁጥር፣ ቨርዥንና ዳታ ይቀበላል፣ የውጤት ኮድ ይመልሳል። እዚያ ላይ ያምራል፣ ምክንያቱም ፕሮቶኮሉ በይፋ የተጻፈ ነው፣ የፈርምዌሩ ሶርስ ኮድም ክፍት ነው። የኔ ኢሲ ከነዚህ አንዱም የለውም። ያለው 256 ባይት ነው፣ ግማሹ ምን እንደሆነ የማይታወቅ። ያንን ለማንኛውም ፕሮግራም ክፍት ማድረግ ድራይቨር መጻፍ አይደለም፣ ችግሩን ወደ ሌላ ሰው መግፋት ነው።

ስለዚህ ዩዘር ስፔስ ስለ አድራሻ ምንም እንዳያውቅ አደረግኩ። ፋኑና ሙቀቱ በኤችደብሊውሞን (የከርነሉ የሴንሰርና የፋን ክፍል) ወጡ። እዚያ ደንቡ አስቀድሞ አለ፤ የፋን ፍጥነት በደቂቃ ዙር፣ ሙቀት በሚሊ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የፋን ጉልበት ከ0 እስከ 255። የፋን ቁጥጥሩ ላይ 1 ማለት በእጅ፣ 2 ማለት አውቶማቲክ ነው። ይህን ደንብ ስለጠበቅኩ ሴንሰርስ የሚባለው ትዕዛዝ ፋኔን ያለ ምንም ተጨማሪ ስራ አሳየኝ። የባትሪው ገደብ ደግሞ የኤሲፒአይ ባትሪ ድራይቨሩ ላይ በሚንጠለጠል ሁክ በኩል ገባ፤ ስሙ በከርነሉ የተወሰነ ስለሆነ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ። አዲስ ስም ከመፍጠራችሁ በፊት ያለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አለ።

ፋን በእጅ ማዘዝ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ መፍራትም አለባችሁ። ፋኑን ዝቅ ያደረገው ፕሮግራም ቢሞት ማን መልሶ ያነሳዋል? የቲንክፓድ ድራይቨር እዚህ ላይ ጥሩ አርአያ ነው። የፋን ቁጥጥሩ ካልተፈቀደ ዝግ ነው፣ ደግሞም እስከ 120 ሰከንድ የሚሞላ ዋችዶግ (የጥበቃ ሰዓት ቆጣሪ) አለው። እኔም ተመሳሳይ ነገር አስገባሁ፤ አዲስ ትዕዛዝ ሳይመጣ ጊዜው ካለፈ ድራይቨሩ ፋኑን ለአውቶማቲክ ይመልሳል። ላፕቶፑ ሲተኛ፣ ሞጁሉ ሲወጣ፣ ማሽኑ ሲጠፋም እንዲሁ። ማሽኑ ሲጠፋ የሚለው ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሪስታርት ስታደርጉ ኢሲው አብሮ ላይነሳ ይችላል፣ በእጅ የተሰጠው ትዕዛዝም እንዳለ ወደሚቀጥለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻገራል። በተቃራኒው የባትሪው ገደብ ከእንቅልፍ ሲነቃ ሊረሳ ስለሚችል፣ ድራይቨሩ ያስታውሰውና ሲነቃ መልሶ ይጽፈዋል።

ሌላው ጥንቃቄ ድራይቨሩ የት እንደሚጫን ነው። አንዱ ሞዴል ላይ የፋን የሆነው አድራሻ ሌላው ላይ የባትሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዲኤምአይ (ባዮሱ ስለ ማሽኑ በሚሰጠው መረጃ) የሞዴሉን ስም አያለሁ፣ ካላወቅኩት ድራይቨሩ አይጫንም። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ የባዮስ አፕዴት አድራሻዎቹን ሊያዛውር ይችላል። ከርነሉ ውስጥ ያለው የኤምኤስአይ ኢሲ ድራይቨር የሚያውቃቸውን የፈርምዌር ቨርዥኖች ዝርዝር ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። እኔም ያንኑ መንገድ ተከተልኩ። የሰው ማሽን ከማበላሽ፣ አንድ ሰው ለምን በኔ ማሽን ላይ አይሰራም ብሎ ቢጠይቀኝ ይሻለኛል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ትንሽ። ኢሲ ቀርፋፋ ነው፤ ከርነሉ መልስ ለመጠበቅ በነባሪው እስከ 500 ሚሊሰከንድ ይታገሳል። መጠበቅ ስላለ መተኛት (ኮዱ ቆም ብሎ መጠበቅ) በማይፈቀድበት ቦታ፣ ለምሳሌ ኢንተራፕት ውስጥ፣ እነዚህን ፈንክሽኖች መጥራት አይቻልም። ያነበብኩትን ዋጋ ለ1 ሰከንድ ይዤ አቆያለሁ፣ በዚያ መሃል ስንት ፕሮግራም ቢጠይቅም ኢሲው አይነካም። ያው ቺፕ ኪቦርዳችሁንም እያነበበ እንደሆነ አትርሱ፤ በጥያቄ ካጣደፋችሁት ስትጽፉ ሊሰማችሁ ይችላል።

አሁን የቀረኝ የኪቦርዱ መብራት ነው። ማብራትና ማጥፋቱ በኤልኢዲ ክላስ (የከርነሉ የመብራቶች ክፍል) ተሰርቷል፣ ስሙም በኬቢዲ_ባክላይት ስለሚያልቅ ዴስክቶፑ ራሱ አገኘው። ችግሩ የኪቦርዱን የመብራት ቁልፍ ስትጫኑ ኢሲው ከርነሉን ሳይጠይቅ ራሱ መብራቱን መቀየሩ ነው። ኤልኢዲ ክላሱ ሃርድዌሩ በራሱ ለውጦታል ብሎ ለማሳወቅ የሚሆን ፈንክሽን አለው፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ለውጡን የሚነግረኝ ኢቨንት ነው። ዲኤስዲቲው ላይ ያ ቁልፍ ሲጫን የሚሮጠውን ሜተድ አግኝቼዋለሁ፣ እሱም ኖቲፊኬሽኑን ወደ አንድ የደብሊውኤምአይ (አምራቾች በኤሲፒአይ ላይ የሚጠቀሙበት የማይክሮሶፍት መገናኛ) ዲቫይስ ነው የሚልከው። ስለዚህ ቀጣዩ ስራ ለዚያ ዲቫይስ ትንሽ የደብሊውኤምአይ ድራይቨር ጽፎ ከዚህኛው ጋር ማገናኘት ነው።