ምሳ ሳልበላ ስምንት ሰዓት ሆነ

«ስለዘገየሁ ይቅርታ!» ብዬ ነው የገባሁት። እያለከለክሁ፣ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን ታቅፌ።

ስብሰባው ስምንት ሰዓት ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ምድር ቤት ኬብል ስጎትት ቆይቼ ላፕቶፑን ስከፍተው 13:57 ይላል። ስልኬ ስክሪኑ ተሰብሮ ሰሪ ጋ ነው። ስድስት ቀነስኩ፤ ሰባት ከሃምሳ ሰባት። ደረጃውን በሩጫ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት አለቆች ተደርድረው አንዲት ልጅ ለሥራ እየጠየቁ ነው። እኔ ምን አገባኝ፣ ኬብሉን ፕሮጀክተሩ ላይ ሰካሁና ጀመርኩ። ምስኪን፣ የፈተናው አካል መስሏት ማስታወሻ መያዝ ጀመረች። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ የግድግዳውን ሰዓት አዩና «ወንድሜ፣ ገና አምስት ሰዓት እኮ ነው» አሉኝ።

ይሄም ያልፍ ነበር። የጨረሱኝ ሻይ ይዘው የገቡት ማዘር ናቸው፦ «ልጄ፣ ምሳ ሳትበላ ነው እንዴ ስምንት ሰዓት የሆነብህ?»

ተጠያቂዋ ሳትቀር ሳቀች። ምሳ ዕቃዬ በፌስታል እንደታሰረች ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ማክሰኞ፤ ጾም ነው ብዬ እንኳ አላመልጥ።

ከሰዓት በኋላ እልህ ያዘኝ። ላፕቶፔ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም፤ ሰዓቱን በሚያሳየው ትእዛዝ ታይምዴትሲቲኤል ብዬ ጠየቅኩት። ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለው የኤንቲፒ አገልግሎት «አክቲቭ» ይላል፤ ሰዓቱ ተስተካክሏል ወይ ሲባል «ኖ»። ፈርሞ ቡና ሊጠጣ የወጣ ሠራተኛ ማለት ነው። ክሮኒ የሚባል ሌላ ሰዓት አስተካካይ ጫንኩ፣ ሰዓት የሚጠየቁትን ሰርቨሮች ቀያየርኩ፤ ሁሉም ፊት የጥያቄ ምልክት፣ ሪች ዜሮ፤ አንዱም አልመለሰልኝም። ለካ የቢሮው ፋየርዎል፣ የኔትወርኩ ዘበኛ፣ ኤንቲፒ የሚያልፍበትን በር፣ ዩዲፒ 123ን፣ ዘግቶታል። ክፈትልኝ ያልኩት ባልደረባዬ «ሰዓት ለማየት ኢንተርኔት ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ዛሬ ባይሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ግን ሦስት ሰዓቱ ከየት መጣ? ማታ ቤት ለአንድ የሂሳብ ፕሮግራም ዊንዶውስ ከፍቼ ነበር። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ሰዓት የአገሩን ሰዓት ይጽፋል። ሊኑክስ ያንኑ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው ብሎ ያነብና የኛን ሦስት ሰዓት ይደምርበታል። ቤት ኤንቲፒ ቶሎ ስለሚያርመው አንድም ቀን አላየሁትም። ዊንዶውስም በዩቲሲ እንዲጽፍ ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ አለቀ። ይህንን ለሰው የማስተምር ሰው ነኝ እኮ!

በነገራችን ላይ «ነገ 2:00 እንገናኝ» ብላችሁ የምትጽፉ፣ የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ ምናለ ብትሉ? የኔ ላፕቶፕ ብቻ አይደለም ሰው የሚያሳስተው።

ኤንቲፒ ላይ አቶሚክ ሰዓት ደረጃው ዜሮ ነው፤ ከሱ እየራቁ ሲሄዱ ቁጥሩ ይጨምራል፤ 16 ማለት «ይሄኛውን አትስሙት» ነው። ቢሮ ውስጥ አሁን ምሳ ዕቃዬ ዜሮ ናት፣ እኔ 16። ሰው ሰዓት ሲፈልግ እኔን ሳይሆን ፌስታሉን ያያል። ከተፈታ ከሰባት አልፏል፤ ከታሰረ ገና ነው።

ልጅቷ ተቀጥራለች። ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው። ትናንት ስብሰባ ላይ «ስምንት ሰዓት ሞልቷል፣ እንጀምር» ስል እጇን አወጣች።

«ምሳ በልቷል?»