ያልሄደችው ዘፈን

የካቲት 2012 ዓ.ም.፣ ፒያሳ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ እስራኤል ለዩሮቪዥን (አገሮች በዘፈን ለሚፎካከሩበት የአውሮፓ ውድድር) የምትልከውን ዘፈን ስትመርጥ በስልኬ አየሁ። ዘፋኟ ኤደን አለነ፣ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ፣ አስቀድማ በውድድር ተመርጣለች፤ የቀረው ከ4 ዘፈኖች አንዱን መለየት ነበር። «ፍቅር ልቤ» አሸነፈ፤ አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት! ቡና የምታፈላዋን ልጅ ጠርቼ ባሰማት «ይቺማ የኛ ናት» ብላ ጀበናውን ረስታ ቆመች። ገነፈለባት።

ጎረቤቴ አዝማሪ ግን ዘፈኑ ከ3 ደቂቃ እንዳያልፍ ደንብ አለ ስለው ሳቀብኝ። እሱ ማሲንቆውን ሲቃኝ ብቻ ያን ያህል ይፈጃል (አላጋነንኩም)።

ዘፈኑ በተመረጠ በ15ኛው ቀን ዩሮቪዥን በኮሮና ተሰረዘ። ኤደን በ2013 በሌላ ዘፈን ለዚያው ውድድር ሮተርዳም (ኔዘርላንድ) ሄዳ 17ኛ ወጣች። እኔ እንደሆን አሁንም ያልሄደችውን ነው የምሰማ።