ቅርንጫፉ ከመዘጋቱ በፊት

የካት ላብ፣ ማለትም የጠበበ የልብ ደም ቧንቧ በቀጭን ቱቦ የሚከፈትበት ክፍል፣ ነርስ ነኝ። ሥራችን ላይ በጣም የምፈራው ቦታ የልብ ደም ቧንቧ ለሁለት የሚከፈልበት ነው። ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ ቱቦ) ከሚገባላቸው ጥበቶች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት እዚህ መንታ ላይ ናቸው። ዋናውን ልክፈት ሲሉ ቅርንጫፉ ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ቀን የገቡት አባት ጥበታቸው የልብን የፊት ክፍል በሚመግበው ቧንቧ ላይ፣ ትልቁ ቅርንጫፍ ከሚነሣበት ዘንድ ነበር። ዶክተሩ ዋናው ውስጥ ዋየር፣ ማለትም ለስቴንቱ መንገድ የሚመራ ቀጭን ሽቦ፣ ካስገቡ በኋላ «ሲስተር፣ ሌላ ዋየር» አሉኝ። አብሯቸው የቆመው ወጣት ሐኪም «ዶክተር፣ ቅርንጫፉ እኮ ደህና ነው። አንዱ አይበቃም?» አላቸው። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ፣ ብዙ ጊዜም ከታካሚው ኪስ የሚከፈል ነው። ለታካሚው አዝኖ ነው የጠየቀው። «ከተዘጋ በኋላ መንገዱን ከየት እናመጣዋለን?» ብለው ዶክተሩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁለተኛውን ዋየር ቅርንጫፉ ውስጥ አስገቡት።

ስቴንቱ ተነፋ። ቀለም ሲሰጥ ቅርንጫፉ ስክሪኑ ላይ የለም። የልቡን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ኤሲጂ ተቀየረ። «ልጄ፣ ደረቴን አፈነኝ» አሉ አባባ። «አይዞዎት፣ አጠገብዎ ነኝ» አልኳቸው።

ስቴንት ሲሰፋ ቧንቧውን ያጠበበውን ስብ ብቻ አይደለም የሚገፋው። ሁለቱን ቧንቧዎች የሚለየውን ሹል ግድግዳም ወደ ቅርንጫፉ አፍ ይገፋዋል። የቅርንጫፉ ዋየር ግን ከስቴንቱ ጀርባ እንደታሰረ እዚያው አለ፤ አፉ የት እንደነበር ያሳያል።

ዶክተሩ አልተቻኮሉም። መጀመሪያ አጭርና ወፍራም ባሉን (የሚነፋ ፊኛ) ከመንታው በላይ ባለው የስቴንቱ ክፍል ነፉ። ስቴንት የሚመረጠው ከመንታው በታች ባለው ስፋት ስለሆነ ከላይ ይላላል። ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ካልተለጠፈ አዲስ የሚገባው ዋየር ከጀርባው ሾልኮ ሊገባና ባሉን ሲነፋ ስቴንቱ ሊጨፈለቅ ይችላል። ከዚያ በስቴንቱ ቀዳዳ በኩል ሌላ ዋየር ወደ ቅርንጫፉ አሳለፉ። የታሰረውን ያወጡት ይሄ ከገባ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ትንፋሼን ያዝኩ፤ የታሰረ ዋየር ሲሳብ ጋይድ ካቴተሩን (ዕቃው ሁሉ የሚያልፍበትን ቱቦ) ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ጫፉ የግራውን ዋና ቧንቧ ሊቀድ ይችላል። ጋይዱን ወደ ኋላ ይዘው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ቀስ ብለው ሳቡት። ሁለት ባሉን ጎን ለጎን ተነፋ፤ የላይኛው ክፍል እንደገና ተስተካከለ። ደሙ ተመለሰ። «ተመስገን፣ ቀለለኝ» አሉ አባባ።

ለእያንዳንዷ ቀጭን ቅርንጫፍ ዋየር ይግባ አልልም። ወፍራም ከሆነና ብዙ ጡንቻ የሚመግብ ከሆነ ግን ክርክሩ ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ከተኛ በኋላ መሆን የለበትም። ስለዚህ የመንታ ጥበት ሲኖር፣ ለቤተሰብ በሚሰጠው የዕቃ ዝርዝር ላይ ሁለተኛው ዋየር ከመጀመሪያው እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።