በቁመቷ ልክ

ሐምሌ ነው። ከደብረ ብርሃን ገና ሳይነጋ ተነስተን ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ዝናቡ አላባራም ነበር። አብራኝ ያለችው አክስቴ ናት። ቀጠሮዋ መሀል ከተማ ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ውስጥ ነው። ስሙ ይቆየን።

በሩ ላይ በኮሮና ጊዜ በያጆች ሲሠሩት የነበረው፣ በእግር የሚረገጥ እጅ መታጠቢያ ቆሟል። ያ ነገር ያኔም ደስ ይለኝ ነበር። የታጠበ እጅ ቧንቧ ለመዝጋት ተመልሶ እንዳይቆሽሽ ሥራው ለእግር ተሰጠ፣ በቃ። ማብራሪያ የፈለገ ሰው አላየሁም። አክስቴ ፔዳሉን ረገጠችው። ጠብ አላለም።

"ሐሳቡስ ጥሩ ነበር" ብላ አለፈች።

ጉዱ ያለው ውስጥ ነው። ግድግዳው በጽሑፍ ተሞልቷል። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት። "ላብራቶሪ" የሚል ቀስት ወደ ደረጃው ይጠቁማል። ደረጃው ላይ ያለው ቀስት ደግሞ ወደመጣንበት ይመልሰናል። ካርድ ክፍል፣ ክፍያ፣ ደም መስጫ፣ ማህተም፣ እንደገና ክፍያ። አክስቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀስ ብላ ታነባለች፣ ግን እዚህ ቀስ ብሎ የሚያስነብብ ማን አለ? ሁሉም እየገፋት ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ዘበኛ አዘነልን።

"ቢጫውን ግድግዳ ይዛችሁ ሂዱ። ቢጫው ሲያልቅ ወደ ግራ።"

ደረስን። ቀለሙን የቀባው ሰው መንገድ ይመራል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ያንን ሁሉ ታፔላ ያሸነፈው ግን እሱ ነው።

ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉ። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ሌላው ወደ መስኮት ያዞረ ነው። ከመስኮቱ ውጪ ዝናብ የሚመታው አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። የመስኮቱ ወንበር ክፍት ሆኖ አያውቅም፤ አንዱ ሲነሳ ከግድግዳው በኩል ሌላው ሹልክ ብሎ ይቀመጣል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንኑ ነገር ቆጥሮት ነበር። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አገላብጦ፣ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት የጡብ ግንብ ካዩት ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ እንደወሰዱ በ1984 እ.ኤ.አ. ጻፈ። እኛ ወንበሩን እንኳ አላዞርነውም።

ውጤቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባልን። ዝናብ ላይ ከመቆም ብዬ አክስቴን ስድስት ኪሎ ወሰድኳት፣ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። ድሮ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። ፊት ለፊቱ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። ጣሊያን የፋሽስት አገዛዝ ዘመኑን በየእርከኑ ሊቆጥርበት ሠራው፣ በኋላ የኛ አንበሳ አናቱ ላይ ተቀመጠበት። አክስቴ ለደረጃው ግድ አልሰጣትም። ጉልበቷን ያመማታል።

ውስጥ ግን አንድ ክታብ ፊት ቆማ ቀረች።

"የእናቴን እኮ ነው የሚመስለው።"

ጠባብና ረጅም ብራና ነው፣ ቁርጥራጩ ጫፍ ለጫፍ ተሰፍቶ የተቀጣጠለ። በጽሑፉ መሀል ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ፊት አፍጥጦ ያያል። አያቴ ሁለት ልጅ ከሞተባት በኋላ ነው አሉ ደብተራው የጻፈላት። ጨቅላ ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋት ይታይበት ነበር። የአያቴ ክርስትና ስም በቀይ ቀለም ገብቶበታል።

"ርዝመቱስ?" አልኳት፣ የምታውቅ ስለመሰለኝ።

"በቁመቷ ልክ ነዋ! ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ። አለዚያ ምን ይጋርዳታል?"

የሱስንዮስ ጦር ኢንፌክሽን አይገድልም፣ ይህን እሷም ታውቃለች። ለዚህም ነው አዲስ አበባ የመጣነው። ግን ያ ደብተራ ብራናውን ከመቁረጡ በፊት በሽተኛዋን አስቁሞ ለክቷል። ስሟን ጠይቋል። የሚያስፈራትን ነገር እሷ በምታውቀው መልክ ስሏል። ጠዋት ያየሁት ቀስት በማን ቁመት ተለካ? የሕክምና ትምህርት ቤቱም የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። አንድ ቀን አንዱ ሌላውን ምሳ ቢጋብዘው ምን አለበት?

ታክሲ ውስጥ አክስቴ ራሷ ሌላ ነገር አነሳች። ልጅ እያለች ፈንጣጣን ለማጥፋት የዘመቱ ሰዎች ገበያ መጥተው ነበር። ያኔ ብዙ አላወሩም አለች። ፊቱ ቁስል በቁስል የሆነ ሕፃን ያለበት ካርድ አውጥተው "እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?" ይሉ ነበር። ያየ በጣቱ ይጠቁማል። ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ የአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ነው። ክትባቱ ባይኖር ካርዱ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ካርዱ ባይኖር ደግሞ ክትባቱን ይዞ የት ይኬዳል?

ውጤቱ ክፉ አልነበረም፣ ተመስገን። መድኃኒት ታዘዘላት። ፋርማሲው መስኮት ላይ አንድ ወጣት ፋርማሲስት ፖስታውን ሰጣት። "በየ8 ሰዓቱ" ይላል።

"ስምንት ሰዓት ላይ ማለት ነው?" አለች።

"አይ እማማ፣ በየስምንት ሰዓቱ። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ አራት።"

ዝም ብላ አየችው። ልጁ ገባው መሰለኝ፣ ፖስታውን ተቀብሎ ገለበጠው። ከተራራ ጀርባ ብቅ ያለች ፀሐይ ሳለ። ከጎኗ ሙሉ ፀሐይ። ከዚያ ጨረቃ። በእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ክኒን አደረገ።

አክስቴ ፖስታውን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችና በመስኮቱ ወደ ሰማዩ ጠቆመች።

"በዚህ ክረምት ፀሐይ ከየት ላምጣልህ ልጄ?"

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ልጁም ሳቀ።

"እማማ፣ ከምሳ በኋላ ቡና ያፈላሉ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ! ጎረቤት ይመስክር!"

መሀለኛዋን ፀሐይ ሰረዘና በቦታዋ ጀበና ሳለ። አክስቴ ፖስታውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።